ዓይን ጨፍኖ ድንጋይ ማንሳት

ጋሽ ገመዳ ድንጋይ ሲያነሱ ዓይናቸውን አይጨፍኑም። ጠቡ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። የሰማ ሰው «ለአንድ ጠጠር?» ብሎ ይስቅብኝ ይሆናል፤ ይሳቅ። እኔ ያን ጊዜ ደሜ ፈልቶ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ጨርሶ አልበረደልኝም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት፣ ሲያትል ውስጥ ነው። ማታ ማታ እየሠራሁ ቀን በምማርበት ኮሌጅ፣ በጂኦግራፊው ክፍል አበሾች እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን። እኔ ከከተማው ወጣ ብሎ ቱክዊላ በሚባል ቦታ፣ መጋዘን ውስጥ ጫማ በካርቶን የማሽግ ልጅ ነኝ። እሳቸው እዚያው ሲያትል፣ ሶዶ በሚባለው ሰፈር ባለ ፓርኪንግ በር ላይ ቲኬት ይቆርጣሉ፤ አገር ቤት ሳሉ ግን ጂኦግራፊ አስተማሪ፣ ኋላም የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። ይህንንም ለማንም ሳይነግሩ አይውሉም። መምህራችን ሚስስ ሃልቨርሰን ለመስክ ሥራ ጥንድ ጥንድ ስታደርገን ስማችንን አየችና «እናንተ ከአንድ አገር ናችሁ አይደል? ጥሩ!» ብላ አጣመረችን። ከአንድ አገር መምጣት ሰው ያስማማ ይመስል።

ሚስስ ሃልቨርሰን በየዓመቱ ከክፍሉ አንድ ተማሪ፣ አንድ ብቻ፣ ትመርጣለች። የተመረጠው ሰመሩን፣ ማለትም የበጋውን ወራት፣ ሙሉ የባሕሩን ዳርቻ እየዞረ ከሚለካ የጥናት ቡድን ጋር ይሰማራል፤ ሥራውን ካወቀበትም በዚያው ይቀጠራል። እኔ ያንን ሥራ እንዴት እንደተመኘሁት! የእኛ መጋዘን መስኮት የለውም። ዝናብ ይዝነብ ፀሐይ ይውጣ የማውቀው ለፈረቃ የሚገቡት ሰዎች ጃኬት ላይ ነው። ጋሽ ገመዳም ሥራውን እንደሚፈልጉት አውቃለሁ፤ አፍ አውጥተን ባንነጋገርም ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ከመምህሯ ጋር ሲያወሩ ድምፃቸው ቅቤ ይሆናል፤ ወደ እኔ ሲዞሩ ይሻክራል።

የተመደብንበት ቦታ ዌስት ሲያትል ያለ ጠጠራማ ዳርቻ ነበር። ጥያቄው ቀላል ነው። ማዕበሉ ድንጋዩን ከደቡብ ወደ ሰሜን እየገፋ ይወስደዋል ይባላል። ድንጋይና ድንጋይ በመንገድ ሲፋጭ ይሟሽሻል፤ እንግዲያው ወደ ሰሜን በሄድን ቁጥር ድንጋዮቹ እያነሱና እየተድቦለቦሉ መምጣት አለባቸው። እውነት ነው ወይስ አይደለም? በየርቀቱ ቆመን የሽቦ ክፈፍ መሬት ላይ እንጥላለን፤ ክፈፉ ውስጥ ካለው ድንጋይ እያነሳን እንለካለን። ሚስስ ሃልቨርሰን አንድ ነገር እስኪሰለቸን ደጋግማ ነግራናለች፦ ስታነሱ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ጣታችሁ መጀመሪያ የነካውን አንሱ። ዓይን ያዳላል።

ጋሽ ገመዳ ከፈረቃ ዘግይተው ስለመጡ ሥራውን የጀመርነው አርፍደን ነው። ብርድ ነበር። ውሃው ሸሽቶ የነበረበት ሰዓት አልፎ ወደ እኛ መመለስ ጀምሯል፤ ወደ ቫሾን ደሴት የሚሻገረው ጀልባ፣ ፌሪው፣ ከሩቅ ይታያል። «አንቺ ጻፊ፣ ጽሕፈትሽ ጥሩ ነው» አሉኝ። መለኪያውን አትንኪብኝ ማለታቸው ነው። ክፈፉን ጫማቸው እንዳይርስ ደረቅ ደረቁን እየመረጡ ይጥላሉ፣ ቁጢጥ ይላሉ፣ ገበያ እንደወጣ ሰው ድንጋዩን እያገላበጡ ያያሉ፣ አንዱን ይጥላሉ፣ ሌላውን ያነሳሉ።

«ጋሽ ገመዳ፣ ዓይንዎን አልጨፈኑም» አልኳቸው።

«ጨፍኜ ምን ላገኝ? ዕውር ነኝ እንዴ?»

«ጨፍኑ ብላለች እኮ። ራንደም፣ እንደ ዕጣ፣ መሆን አለበት።»

«ልጄ» አሉ፣ ልጄ የምትለዋ ቃል ከአፋቸው ስትወጣ እንደ ጥፊ ነበረች፤ «ይህን ትምህርት አንቺ ሳትወለጂ በጥቁር ሰሌዳ ሥዬ አስተምሬዋለሁ። ሰሜን በኩል ያለው ትንሽ እንደሆነ የታወቀ ነው። አሁን ይሄ ጅብ የሚያክል ድንጋይ እዚህ ምን ይሠራል? ልጆች አምጥተው ጥለውት ነው።» ብለው ትልቁን ድንጋይ አንስተው ወደ ባሕሩ ወረወሩት። ጮፍ አለ።

«ማስረጃ ወረወሩ!»

«ቆሻሻ ነው የወረወርኩ። ጻፊ።»

ሰውዬው ባሕር ሳያዩ ባሕር ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። መጀመሪያ ያዩት ወደዚህ ሲመጡ ከአውሮፕላን መስኮት እንደሆነ ራሳቸው ነግረውኛል። እንግዲህ ባሕሩ ከሥዕላቸው ተለይቶ ሲገኝ ጥፋተኛው ባሕሩ ነው። «እንግዲያው እኔ ላንሳና እርስዎ ይጻፉ» ብላቸው እንዳልሰማ ሆኑ። በድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው። ጥርሴን ነክሼ ያሉኝን ቁጥር ጻፍኩ። የታችኛውን ዳርቻ ሳንደርስበት ውሃ ሸፈነው፤ ወደ ቤት ስንመለስ ባሱ ላይ እሳቸው ፊት፣ እኔ ኋላ ተቀመጥን።

ግራፉን ስሠራው ቀጥ ያለ መስመር ወጣ፤ በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። የሌሎቹ ተማሪዎች ግራፍ የውሻ ጥርስ ይመስላል፤ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ። ጋሽ ገመዳ የእኛን ሲያዩ ደስታቸውን አልቻሉትም። እኔ ወረቀቱን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

ላይብረሪ ተቀምጠን የመጨረሻውን ክፍል ልንጽፍ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ብዙ ነጥብ ያለው እሱ ነው፦ የሠራችሁበትን ዘዴ ገምግሙ፣ የት ላይ እንደደከመ ንገሩኝ። መምህሯ ትክክለኛ መልስ አምጡ አላለችም። ጋሽ ገመዳ በዚያ ባማረ እንግሊዝኛቸው አንዲት ዓረፍተ ነገር ጻፉና እስክሪብቷቸውን ከደኑ፦ «ምንም ዓይነት ድክመት አልታየም።»

«ይሄ አይሆንም» አልኩ። «ድንጋዮቹ ዓይን ተገልጦ ነው የተነሱት ብለን እንጻፍ። እሱን ነው የምትፈልገው።»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንቺ ግምገማ ታውቂያለሽ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተሻል። እኔ ግን ቆሜበታለሁ። መምህራኑ፣ ጸሐፊዋ፣ ዘበኛው፣ ተማሪው ሳይቀር ተቀምጦ፣ እኔ መሀል ቆሜ። "በቅድሚያ ድክመትህን ራስህ ተናገር" ይሉሻል። እኔ ሞኙ፣ ሐቅ የሚያድን መስሎኝ ተናገርኩ። ባለቤቴ ታማ ሳለ አረፍድ ነበር አልኩ። ያን ሰሞን የፈተና ውጤት በደንብ ሳላይ ፈርሜያለሁ አልኩ። ከዚያ አንዱ ተነሳ፣ ሌላው ተነሳ። በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ዳይሬክተር ሆኜ የገባሁበትን አዳራሽ ኮቴንና ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ፤ ተመልሼም አልገባሁ። እንጀራዬን የቆረጥኩት በገዛ አፌ ነው። ሁለተኛ? በጌታ፣ ሁለተኛ አላደርገውም!»

ማዘን ነበረብኝ። አላዘንኩም። «እሱ አገር ቤት ነው» አልኳቸው። «እዚህ የሚጥሉን ድክመታችንን ካልተናገርን ነው።»

«እሱ ለእነሱ ነው። ለእኔና ላንቺ ሥራ ሲሰጡ እንከን የሌለበትን ነው የሚፈልጉት።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ግን የእሳቸው ልጥ እኔን ሊያንቀኝ ነው። ውጤቱ የጋራ ነው፤ አይጥ በበላ ዳዋ ሊመታ ነው። «እርስዎ ባይናገሩ እኔ እናገራለሁ» አልኩ።

«ተናገሪ» አሉ፣ ወረቀቱን እያጠፉ። «ያኔ የማን ልጅ እንደሆንሽ እናያለን።»

አባቴን ሊሰድቡ ነው። ተነስቼ ሄድኩ።

ክፍል ፊት የምናቀርብበት ቀን ጋሽ ገመዳ ከረባት አስረው መጡ። ግራፉን ሰሌዳው ላይ ለጠፍን፤ እሳቸው እንደ ድሮው አስተማሪ ሆነው በጣታቸው እያሳዩ አብራሩ። ሚስስ ሃልቨርሰን መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ መስመሩን ብዙ አየችው።

«ባሕር እንዲህ ቀጥ ብሎ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም» አለች። «ድንጋዮቹን እንዴት ነው የመረጣችሁት?»

«በጭፍን፣ ማዳም» አሉ ጋሽ ገመዳ። «ልክ እርስዎ እንዳሉት።»

«ውሸት ነው» አልኩ። በእንግሊዝኛ፣ ጮክ ብዬ፣ ጣቴን ቀስሬ። «ሚስተር ገመዳ ዓይናቸውን ገልጠው ነው የመረጡት። ያልፈለጉትን ወደ ባሕር ወርውረዋል። እኔ ነግሬያቸዋለሁ፤ እምቢ አሉ።»

ተማሪው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። እኔ ግን ጣፈጠኝ፤ ምን ልዋሽ። ያ ሁሉ «ልጄ፣ ልጄ» የወጣልኝ መሰለኝ።

ጋሽ ገመዳ አዩኝ። ጥላቻ ነበር፣ ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት ጥላቻ። መልሰው የሚሰድቡኝ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ኮታቸውን ቆለፉ፣ እጃቸውን ከጎናቸው አውርደው ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ዓይናቸውን የኋላው ግድግዳ ላይ ተከሉ። ወዲያው ገባኝ። ያ አዳራሽ ውስጥ ገብተዋል።

«የመጀመሪያ ድክመቴ» አሉ፣ ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ፣ «ድንጋዮቹን በዓይኔ መርጫለሁ። ያላመንኩባቸውን ጥያለሁ። ሁለተኛው ድክመቴ፣ ክፈፉን ጫማዬ እንዳይርስ ደረቅ ቦታ ላይ ብቻ አስቀምጫለሁ። ሦስተኛ፣ እኔ በመዘግየቴ የታችኛውን ዳርቻ ውሃ ሸፍኖብን ሳናየው ቀርተናል፤ አለማየታችንን ግን አልጻፍንም። አራተኛ፣ አንድ ጠዋት ብቻ አይተን ስለ ባሕሩ ዘመን ሁሉ ተናግረናል። አምስተኛ፣ ይህች ልጅ ስህተቴን ነግራኛለች። ያልሰማኋት ልጅ ስለሆነች ነው።» ዓይናቸውን ከግድግዳው አላነሱም። «ከሁሉ የሚበልጠው ድክመቴ፣ መልሱን ከመጽሐፍ ይዤ መሄዴ ነው። ድንጋዩን አልጠየቅሁትም፤ እንዲመሰክርልኝ አስገደድኩት። ጨርሻለሁ።»

ቦርሳቸውን አነሱ፣ የዝናብ ካፖርታቸውን ክንዳቸው ላይ ጣሉ፣ በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ወጡ። ተማሪው ሁሉ ሽንት ቤት የሄዱ መሰለው። ወጥተው እንደቀሩ ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

በሚቀጥለው ክፍል አልመጡም። በሚቀጥለውም አልመጡም። ሚስስ ሃልቨርሰን ከትምህርት በኋላ አስቀረችኝ። ሥራው የእኔ ሆነ አልኩ በሆዴ።

«ሚስተር ገመዳን ታገኚልኛለሽ?» አለችኝ። «ስደውል አይነሳም። የሰመሩን ሥራ ለእሱ ልሰጠው ነው። እንደዚያ ያለ ግምገማ ከተማሪ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ዳርቻ ላይ የምፈልገው ስህተት ከየት እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ነው።»

ወደ ጠረጴዛዋ ተጠጋሁ። «እኔ እኮ ነኝ እውነቱን የተናገርኩት።»

«አንቺ የእሱን ተናገርሽ» አለች፣ ሳትቆጣ። «ቁጥሩን የጻፈው ማነው?»

ቦርሳዬን አነሳሁ። ወደ በሩ ስሄድ አንድ ነገር ጨመረች፦ እስከ ሰኞ ካልደወለ ቦታውን ባዶ ልታቆየው አትችልም፤ ቀጣይዋ አንቺ ነሽ አለችኝ።

የቱክዊላው ባስ ላይ እስክወርድ ድረስ አለቀስኩ። ቆሽቴ አረረ። አዋርጄ የጣልኳቸውን ሰውዬ በገዛ እጄ አንስቼ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው! ከዚያ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። ዝም ብልስ? የሚሠሩበትን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እሳቸው ስልክ አያነሱም፣ ኮሌጁ ደጅ አይደርሱም። ሰኞ ይመጣል፤ ሥራው ይመጣል፤ መስኮት የሌለው መጋዘን ደህና ሰንብት። ማንም አይጠይቀኝም።

ቅዳሜ ሶዶ ሄድኩ። ከደግነት አይደለም፤ ማንም ደግ ነሽ እንዳይለኝ። እሳቸው ሳያውቁት የተዉልኝን ሥራ ይዤ በየዳርቻው ሳጎነብስ፣ የማነሳው ድንጋይ ሁሉ «የገመዳ ነኝ» እያለ ሊሰድበኝ ነው። የሰው ትራፊ አልበላም።

አጠገቡ ያለው ስታዲየም ጨዋታ ስለነበረው ፓርኪንጉ ደጅ መኪና ተሰልፏል። ጋሽ ገመዳ ብርቱካናማ ሰደርያቸውን ለብሰው ቲኬት ከሚቆርጡባት የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ፊታቸው ጠቆረ።

«ምን ጎደለሽ?»

«ሚስስ ሃልቨርሰን ኮል ስታደርግ አያነሱም። የሰመሩን ሥራ ለእርስዎ ሰጥታለች። እስከ ሰኞ ይደውሉ።»

ሳቁ፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «ግምገማው አልበቃሽም? ደግሞ ልታሾፊ መጣሽ?»

«ወላሂ እውነቴን ነው። ግምገማዎን ወዳዋለች።»

«ያን ጊዜም፣ አገር ቤት፣ አንዱ እቤቴ ድረስ መጥቶ "አይዞህ፣ ሊመልሱህ ነው" አለኝ። ባለቤቴ ሸሚዝ ተኩሳልኝ ሄድኩ። ከበር ነው ዘበኛው የመለሰኝ፤ እነሱ በመስኮት እያዩ ይስቃሉ። ሂጂ እባክሽ። መኪና አትዝጊብኝ።» መስኮቱን ገፍተው ዘጉት።

እርር አልኩ። መስታወቱን በጡጫዬ ደበደብኩት። ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባውን ነፋ፤ ይንፋ።

«ይስሙኝ!» ብዬ ጮኽኩ። «ሥራውን የምፈልገው እኔ ነኝ! እኔ! ክፍል ፊት ያዋረድኩዎት ሥራው ለእኔ እንዲሆን ነው። አልሆነም! ለእርስዎ ሆነ! ባስ ላይ ሳለቅስ ነው የገባሁት። ለማሾፍማ ቢሆን ለምን እዚህ ድረስ እመጣለሁ? ዝም ብል ይበቃኝ ነበር፤ ሰኞ ሥራው የእኔ ነበር! እርስዎን እኮ ዓይንዎን ማየት አልፈልግም! ድምፅዎን መስማት አልፈልግም! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ላምጣ?»

ጥሩምባው ቀጠለ። መስኮቱ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ጋሽ ገመዳ አንገታቸውን አውጥተው ፊቴን አዩት፤ ያን ዳርቻ ላይ ድንጋይ ሲያገላብጡ እንደነበረው ረጋ ብለው አዩት።

«በጣም ጠልተሽኛል» አሉ።

«በጣም!»

«እሱን አምንሻለሁ።»

ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ቲኬት ቆረጡ። ለባለመኪናው ሰጡት፣ የመግቢያውን መዝጊያ እንጨት አነሱለት፣ መኪናው እየተሳደበ ገባ። አመሰግናለሁ አላሉኝም። እኔም አልጠበቅሁም፤ ዞሬ መንገዴን ጀመርኩ።

«ኢልሀም!»

በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ዞርኩ።

«ዓይኔን ገልጬ ነበር» አሉ። በአማርኛ፣ ቀስ ብለው፣ ለእኔ ብቻ።

ያን ሁሉ ፈረንጅ ፊት ቆመው የተናገሩት ነገር ነው፤ ለእኔ ግን ከዚያ የዳርቻው ጠዋት ጀምሮ አንድም ቀን ጥፋት ነው ብለው አላመኑልኝም ነበር። ስጠብቀው የከረምኩት ቃል ይህ ነበር።

«አውቃለሁ» አልኳቸው። «ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወደ ባሱ ሄድኩ። የመጋዘኑ ፈረቃዬ ደርሶ ነበር።